የሃፊዛ ፒክአፕ የኋላ መብራት

ቡታጅራ ውስጥ ሃፊዛ በምትኖርበት ሰፈር ማታ ማታ የታወቀ ጩኸት ነበር። ፀሐይ ጠልቃ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አንድ ነጭ ፒክአፕ አስፋልቱ ላይ ይቆምና ጀርባውን ወደ ጠባቧ መግቢያ ይሰጣል። ወዲያው የጋሽ አብዶ ድምፅ ይሰማል።

«ነይ! ነይ! ነይ! ቀኝ ሰበር አርጊው! አቅኚ! ነይ!... ቁሚ!»

ሃፊዛ የበርበሬ ነጋዴ ናት። ጠዋት ወደ ቆሼ ትወርዳለች፤ ከማረቆ ገበሬዎች የገዛችውን በርበሬ በራሷ መኪና ጭና፣ ራሷ ነድታ ማታ ትመለሳለች። ባሏ ሙሀይሚን ደግሞ አዲስ አበባ ሆኖ የምትልከውን ይቀበላል። ጋሽ አብዶ አባቷ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው፣ ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው መሪውን ትተው ከልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ።

ወደ ግቢያቸው የምታስገባው መንገድ ስልሳ እርምጃ ያህል ትረዝማለች። በግራ በኩል የጎረቤታቸው የእትዬ ወለተ ሐና የድንጋይ አጥር፣ በቀኝ በኩል የጎርፍ ቦይ። መጋዘኑ ያለው ከመጨረሻው ነው፤ ውስጥ ደግሞ መኪና ማዞሪያ ቦታ የለም። ስለዚህ ጭነት የያዘ መኪና በጀርባው ከመግባት ሌላ ምርጫ የለውም። ጋሽ አብዶ በየማታው የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ከኋላ የሚቆሙት ለዚህ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልቀሩም።

ሃፊዛ ግን ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር። ከፒክአፑ ሁለት የኋላ ማርሽ መብራቶች አንዱ ከተቃጠለ ቆይቷል። ሁለተኛው አቧራ የጠጣ መስታወት ውስጥ ሆኖ እንደ ጧፍ ጭል ጭል ይላል። የአባቷ ባትሪ ደግሞ በቀጥታ ስፖኪዮዋ ላይ ስለሚያርፍ የሚታያት አንድ ዓይን የሚወጋ ብርሃን ብቻ ነው። አባቷን አታይም፣ አጥሩን አታይም፣ ቦዩንም አታይም። የምትገባው በልምድና በቢስሚላህ ነበር።

አልነገረቻቸውም። ጋሽ አብዶ ሥራ ባቆሙበት ዓመት ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ የሚያዩ ሰው ሆነው ነበር። ምግብ ሲቀርብላቸው «ቆይ» ይላሉ፣ ሰው ሲጠራቸው አይሰሙም። ማታ ማታ መኪናዋን ማስገባት ከጀመሩ ወዲህ ነው እንደ ድሮው መቀለድና መቆጣት የጀመሩት። ታዲያ ይህን አይታ «ባትሪህን አጥፋልኝ» ትበላቸው?

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ማታ ግን ነገሩ ራሱ ፈነዳ። እትዬ ወለተ ሐና የግቢያቸውን ቧንቧ እያስጠገኑ ስለነበር ውሃ የሞላ በርሜላቸውን አውጥተው አጥሩ ጥግ አቁመውታል። ጋሽ አብዶ በርሜሉን አይተው «ቁሚ!» አሉ። ሃፊዛም ፍሬን ያዘች፤ ግን አንድ ክንድ ያህል ዘግይታ ነበር። «ድው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በርሜሉ ተገልብጦ እየተንከባለለ ቦይ ገባ፤ ውሃው ደግሞ ጋሽ አብዶን እስከ ጉልበታቸው አርሶ አለፈ።

ሃፊዛ በሩን ከፍታ ወረደች።

«አገኘሁህ እንዴ? ተጎዳህ?»

«እኔን ምን ያገኘኛል! ቁሚ ብዬሻለሁ እኮ!»

«አላየሁህም አባዬ!»

«እጄን እንደዚህ እያወዛወዝኩ?»

«ባትሪው ዓይኔን አጥፍቶት እጅህን በየት ልየው? መቼም አይቼህ አላውቅም!»

ምን እንዳለች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ጋሽ አብዶ ባትሪያቸውን አጠፉ። በጨለማው ውስጥ ጫማቸው ውሃ እንደያዘ ጭቅ ጭቅ ሲል ብቻ ይሰማ ነበር።

«መቼም?» አሉ ቀስ ብለው።

መልስ ከመስጠቷ በፊት እትዬ ወለተ ሐና ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። «በርሜሉን ተይው፣ ጎበጥ ቢል ነው» አሏትና ወደ አባቷ ዞሩ። «ጋሽ አብዶ፣ እግርዎን እንደሆነ ታጥበዋል። አሁን ይግቡ፣ ብርድ እንዳይመታዎት።»

ሃፊዛ ሳቋ መጣባት፤ አባቷ ግን አልሳቁም። ራታቸውንም በልተው ወዲያው ተኙ።

በማግስቱ ሃፊዛ ወደ ቆሼ ከመውረዷ በፊት ከተማው መውጫ ላይ ካለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከይትባረክ ዘንድ ጎራ አለች። ይትባረክ ቀጭን፣ ወሬ የሚወድ፣ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነው።

«ምን ልሥራልሽ እህቴ?»

«ወደ ኋላ ስሄድ ሌሊቱን ቀን የሚያደርግ መብራት።»

ይትባረክ ከመኪናው ሥር ገብቶ ወጣ። «አምፖሎቹን በነጭ ኤልኢዲ እቀይራለሁ» አላት። «እሱ ብቻ ግን አይበቃሽም፤ ሁለት ትልልቅ መብራት እጨምርልሻለሁ። በዚህ ቀጭን ሽቦ ላይ ከጫንኩት ሽቦው ይቃጠላል። ስለዚህ ከመኪናው ባትሪ በፊውዝ አድርጌ ወፍራም ሽቦ አመጣና መሐል ላይ ሪሌ የሚባለውን ማብሪያ ማጥፊያ አስገባለሁ። የኋላ ማርሽ ስታስገቢ ይበራል፣ ስታወጪ ይጠፋል። ሌላ የምትነኪው ነገር የለም።»

«የት ነው የምትሰቅላቸው?»

«ከጋቢናው ጀርባ ብረቱ ላይ። ከፍ ሲል ራቅ አድርጎ ያሳያል።»

ለሃፊዛም ትክክል መሰላት። ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲሞክሩት እንኳ መብራቱ ዓይን ይወጋ ነበር፤ ተደስታ ሄደች።

ማታ በርበሬዋን ጭና መግቢያዋ ላይ ደረሰች። ጋሽ አብዶ ከኋላ አልቆሙም። በረንዳቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀምጠዋል። ሃፊዛ ልቧ ትንሽ ቢሰበርም የኋላ ማርሽ አስገባች።

ሰፈሩ ነጋ። የእትዬ ወለተ ሐና ቤት በሙሉ ከነጣሪያው ቦግ አለ፤ ዶሮዎቻቸው ከቆጡ ወርደው ይጭሩ ጀመር። ጆንያዎቹ ግን ከመብራቱ በላይ ተቆልለው ስለነበር፣ ብርሃኑ ገሚሱ እነሱን መትቶ ተመልሶ ሃፊዛን አደናበራት፣ ገሚሱ ደግሞ ወደ ሰማይ ሄደ። ታች፣ ጎማውና ቦዩ ባሉበት፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሃፊዛ አንድ ሜትር ትሄዳለች፣ ወርዳ ታያለች፣ ደግሞ ትገባለች። እንዲህ እያለች ሰባት ጊዜ ወረደች።

እትዬ ወለተ ሐና ንጹሕ ነጠላ ለብሰው በራቸው ላይ ቆመዋል። «እኔ የቴሌቪዥን ሰዎች የመጡ መስሎኝ ለበስኩ እኮ!» አሉ።

በረንዳው ላይ ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ አብዶ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም።

«ማነው እዚያ ላይ የሰቀለው?»

«ይትባረክ።»

«መብራት ለሰማይ አይሰጥም! ታች ነው የሚታሰረው፣ ከታርጋው ግራና ቀኝ! ጎማሽንና የቦዩን ከንፈር ነው ማየት ያለብሽ!» አሉና መጥተው መኪናውን በእጃቸው ደበደቡት። «እኔ የጭነት መኪናዬን ሆድ ሥር መብራት ያሰርኩት ይህ ልጅ ሳይወለድ ነው። ሌላው ሹፌር ሲስቅብኝ ነበር፤ በኋላ ሁሉም አሰረ።»

«ነገ አብረን እንሂድና ንገረው» አለች ሃፊዛ።

«እኔ አልሄድም» አሉ።

ጠዋት ስትነሳ ጫማቸውን አሥረው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

መንገድ ላይ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ «እውነት አራት ዓመት አላየሽኝም?» አሏት።

«አላየሁህም አባዬ። ድምፅህን ግን እሰማ ነበር። እሱ ያግዘኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ሲልህ አይቼ ነዋ። እንዲያውም አንተ ብርድ ላይ ቆመህ እንዳትጠብቀኝ ብዬ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቆሼ እሮጣለሁ። ጥሩ ጥሩ በርበሬ ያላቸው ከሩቅ የሚመጡት ገበሬዎች የሚደርሱት ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎች ነጋዴዎች እየሳቁብኝ ይገዙታል።»

ጋሽ አብዶ ወደ እሷ ዞሩ። «እኔ ደግሞ አራት ዓመት የማታውን የመግሪብ ሶላት መስጊድ አልሰገድኩም። ጓደኞቼ ከሶላት በኋላ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ እኔ አጥር ጥግ ባትሪ ይዤ እቆማለሁ። ለምን ትቀራለህ ሲሉኝ፣ ልጄ እኔ ከሌለሁ ቦይ ትገባለች እላቸዋለሁ።»

«ደስ የሚልህ መስሎኝ!»

«ምን ደስ ይላል? ወገቤ እስኪቆረጥ! የምትፈልጊኝ መስሎኝ ነው እንጂ!»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ አብዶ ናቸው። ሃፊዛ መሳቅ ስትጀምር መንዳት አቅቷት ዳር ይዛ ቆመች። ከኋላ የመጣ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶባቸው አለፈ፤ እነሱ ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ጋሽ አብዶ ዓይናቸውን ጠራርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በመጀመሪያው ዓመት ግን ደስ ብሎኝ ነበር» አሏት። «እሱን አልክድም። ያን ጊዜ አንድ ሰው የሚጠብቀኝ ሥራ ያስፈልገኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሃፊዛ።

ይትባረክ መጀመሪያ ላይ አኮረፈ። ጋሽ አብዶ ግን ካርቶን አንጥፈው፣ ጉልበታቸው እየጮኸ ከመኪናው ኋላ ተቀመጡና በእስክሪብቶው ምልክት አደረጉለት። «አንዱ ወደ አጥሩ ሥር፣ አንዱ ወደ ቦዩ። ሁለቱም ትንሽ አጎንብሰው። ሽቦውን ደግሞ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው፣ አለዚያ ጭቃና ድንጋይ ይበጥሰዋል።» ሲጨርሱ መኪናውን ጨለማ ጋራዥ ውስጥ ከተው ሞከሩት። ከጎማው አንስቶ እስከ ግድግዳው ድረስ መሬቱ ላይ የወደቀች ብሎን እንኳ ትለይ ነበር። ከሹፌሩ ወንበር በስፖኪዮ ሲያዩትም ዓይን የሚወጋ ነገር የለውም።

ይትባረክ ራሱን እየነቀነቀ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ብቅ ይበሉ እስቲ» አላቸው። «ደንበኛ ሲመጣ ምክር ይስጡልኝ።»

«አስብበታለሁ» አሉ ጋሽ አብዶ ኮራ ብለው።

የዚያን ዕለት ማታ ሃፊዛ ብቻዋን ገባች። ስፖኪዮዋ ውስጥ የአጥሩ ድንጋይ አንድ በአንድ ይታያል፤ የቦዩ ጠርዝ ላይ የበቀለው ሣር ሳይቀር። ሰበር አደረገች፣ አቀናች፣ አንድ ጊዜም ሳትወርድ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ሞተሩን ስታጠፋ ሰፈሩ ጸጥ አለ። አባቷ ከመስጊድ የመጡት ከኢሻ ሶላት በኋላ ነው፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ድምፃቸው እስኪዘጋ አውርተዋል።

በሳምንቱ ጋሽ አብዶ «እስቲ ያን የቆሼ የሚሉትን በርበሬ ልየው» ብለው አብረዋት ወረዱ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ጆንያ እያስፈቱ፣ በርበሬውን እያሸተቱ፣ ከገበሬው ጋር እየተከራከሩና እየተቃለዱ አመሹ። ሃፊዛ ያን ቀን ያገኘችው በርበሬ ደም የመሰለ፣ ሲነኩት ሽክ ሽክ የሚል ነበር። ዕቃው ተጭኖ ሲነሱ ጨልሟል። ጋሽ አብዶ ገና ከከተማው ሳይወጡ ስለ ማረቆ መሬት አንድ ነገር ሊነግሯት ጀመሩና መሐል ላይ አቆሙ። ዞር ብላ ስታይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

መግቢያዋ ላይ ስትደርስ አልቀሰቀሰቻቸውም። የኋላ ማርሽ አስገባች፣ መሬቱ በራ፣ ቀስ ብላ አስገብታ አቆመች።

«ገባችሁ?» አሉ እትዬ ወለተ ሐና ከአጥሩ ወዲያ።

«ገባን እትዬ» አለች በሹክሹክታ።

አንድ ጋቢ ከቤት አምጥታ አባቷ ላይ ጣል አደረገችና የመጋዘኑን በር ልትከፍት ሄደች። ሦስተኛውን ጆንያ ስታወርድ ጋሽ አብዶ ከእንቅልፋቸው ነቅተው በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ደረስን እንዴ?»

«ቆየን እኮ። ግባና አረፍ በል፣ ራት አሁን አቀርባለሁ።»

ጋሽ አብዶ ግን ወርደው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፉና የአራተኛውን ጆንያ አንድ ጫፍ ያዙላት።