ሚዝና የሰማችው ድምፅ

አባቴ ኸልፋን «ጭልፊት በድሮን ይሠለጥናል» ሲባል ደሙ ይፈላ ነበር። «ሰማይ ላይ ሥጋ ትሰቅላለህ! እሷም አላህ በየቀኑ ቀለብ የሚልክላት መስሏት ቁጭ!» ይለኛል። እኔም አፌ አያርፍም፤ «አንተስ ያንን የላባ ጥቅል በገመድ ስታዞር ትከሻህ ወልቆ የለ እንዴ፣ አባዬ?» እለዋለሁ። ያኔ ገና እንሳሳቅ ነበር።

ሥራው ቀላል ነው። የእርግብ ሥጋ በክር ከድሮኑ ሥር ታንጠለጥላለህ፤ መጀመሪያ በሰው ቁመት፣ በማግስቱ በቴምር ዛፍ ቁመት፣ እንዲህ እንዲህ እያልክ ከፍ ታደርገዋለህ። ጭልፊቷ ሥጋውን ስትይዝ ክሩ ይለቃል፣ እሷም ይዛው ትወርዳለች። ጭልፊታችን ሚዝና በሁለት ወር ውስጥ አራት መቶ ሜትር ወጣች። በሊዋ በረሃ አሸዋ ላይ እንደሷ ደረቷ የሰፋ ጭልፊት አልነበረችም፤ ይህን የምለው የእኛ ስለሆነች አይደለም።

የእኛ አልኩ እንጂ የአባቴ ነበረች። እኔ ክንፏን አበረታሁ፤ ዓይኗን የሚሸፍነውን ቆቧን አውልቆ ከእጁ ያጎረሳት ግን እሱ ነው። ዓይኑ ከደከመ፣ ጆሮውም ከከዳው በኋላ የቀረችው አንዲት ደስታ ሚዝናን በስሟ ጠርቶ ጓንቱ ላይ ማሳረፍ ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው እንደዚያ ነው። የላባ ጥቅል በገመድ እያዞረ ይጣራል፣ ወፉም ከየትም ይመጣለታል።

አንድ ማለዳ ለቀቃትና ጠራት። «ሚዝናአአ! ሚዝናአአ!» ሚዝና ከላይ ትዞራለች፣ እሱን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። ከሰማይ እንድትበላ ያስተማርኳት እኔ ነኛ! ግማሽ ሰዓት ጮኸ። ድምፁ መሰባበር ሲጀምር ከመኪናው ጀርባ ሆኜ ድሮኑን አስነሣሁና ሥጋውን ከአናቱ በላይ አንጠለጠልኩት። ሚዝና ተወርውራ ያዘችው፣ ከእግሩ ሥርም አረፈች። አባቴ ድሮኑን አላየውም፣ አልሰማውምም።

«ሰማችኝ! ሱሩር፣ አየህ? ሰማችኝ እኮ!» ጢሙ በእንባ ራሰ።

ምን ልበለው? «ሰማችህ፣ አባዬ» አልኩት። ምነው ያኔ አፌን በዘጋሁት!

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አጎቴ የምላቸው ሙሰባህ ድንኳን ተሰበሰብን። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ምላሳቸው ምላጭ ነው። «ስማ ኸልፋን፣ ያቺ ወፍ የምትታዘዘው ለልጅህ ማሽን ነው አሉ። አንተማ ምሳዋን ተሸካሚ ሆነህ ቀረህ!» ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

አባቴ ብድግ አለ። «ኑ ውጡ!» ሚዝናን ይዞ ወጣና ጀርባዋ ላይ የታሰረውን፣ የት እንዳለች የሚጠቁመውን መከታተያ በጣቱ ዳብሶ ፈታው፤ አሸዋው ላይ ወረወረው። «እንኳን ማሽን፣ ይሄም አያስፈልጋትም። ድምፄ ይበቃታል።»

ክንዱን ያዝኩት። «አባዬ፣ ተው።»

«ለምን? በዓይንህ አይተህ የለ እንዴ?»

ሃያ ሰው ያየናል። በእኛ ዘንድ ልጅ አባቱን በሰው ፊት አያዋርድም። ድሮኑ ደግሞ ቤት ነው ያለው። ክንዱን ለቀቅኩት። ለክብሩ ስል ነው ዝም ያልኩት እል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ ለራሴም ፈርቼ ነው።

ቆቧን አወለቀ። ሚዝና ወጣች፣ ወጣች፣ ከዓይን ጠፋች። አባቴ ይጣራል። በመኪና ወደ ቤት በርሬ ድሮኑን ይዤ ስመለስም እየተጣራ ነበር፤ ሙሰባህ እንኳ ቀልዳቸውን ትተው አብረውት ይጮሃሉ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ድሮኑን አበረርኩት። ሥጋው ክሩ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው «የጠፋችበት ቦታ ውሰደኝ» ይለኛል፣ እወስደዋለሁ። ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጣራል። ስንመለስ «ድምፄ ነው» ይላል፣ «ያን ማለዳ በፍቅር ጠራኋት፣ መጣች። ዓርብ ዕለት ግን በንዴት ጮህኩባት። ፈርታኝ ነው የሄደችው።» የበረሃው የብርድ ወራት ሳያልፍ ሳንባውን ታመመና አልጋ ያዘ። ጆሮው ሥር ተጠግቼ «አባዬ፣ ያን ማለዳ…» ልል ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ፈልጎ ያዘ። «ሱሩር ልጄ፣ ያን ያህል የለፋህባትን ወፍ በእልኬ አጠፋሁብህ። ይቅር በለኝ።»

አሁን ንገረው፣ አንተ ፈሪ፣ አሁን! አልኩ በሆዴ። ግን «ሰማችኝ» ያለ ዕለት የነበረው ፊቱ መጣብኝ። ያቺን አንዲት ማለዳ እንዴት ልንጠቀው?

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ አባዬ» አልኩት።

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ» ብሎ አመሰገነኝ።