ቀማሿ

«ብርጭቆ ፈጭተሽ ካላበላሽው ኩላሊቱ ውስጥ ስባሪ ከየት መጣ? ከሰማይ ዘነበ?» አለቻት የባሏ ታላቅ እህት ለሚስት፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር የሚያልፈው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ።

«እትዬ፣ ሐኪሟ ክሪስታል እንጂ ብርጭቆ መች አሉ?»

«ስሙ ምን ይገደኛል! ወንድሜ ግን አመድ መስሏል።»

ሚስት የእትዬን ምላስ ለምዳዋለች። ያልቻለችው የባሏን ነው። ማቅለሽለሽ ከጀመረው ወዲህ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ «እስቲ አንቺ ቅመሺ» ይላታል። እስክትውጥም ጉሮሮዋን ያያል። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው! ከአፉ አንዲት የይቅርታ ቃል ብትሰማ ልትቆይ፣ ካልሰማች ልትሄድ ቆርጣለች።

ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ይዘው ወደ ባል አልጋ መጡ።

«ከምግብ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

«ምንም» አለ ባል።

«ቫይታሚንስ?»

ወደ ግድግዳው ዞረ። «ቫይታሚን ሲማ... መኪና የምንቀባ ሁሉ እናኝካታለን። ቀለሙን ከሳንባ ታጥባለች ይባላል።»

«በቀን ስንት?»

«ሳሉ ሲጠናብኝ... ሃያም፣ ሠላሳም።»

ሐኪሟ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመጠን ያለፈው ቫይታሚን ወደ ክሪስታል እንደሚለወጥ፣ ክሪስታሉም በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች እንደሚሰካ፣ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲዋጋው ኩላሊቱ ራሱ ተቆጥቶ እንደሚያብጥ አስረዱ። «ዛሬውኑ ካቆሙ ተስፋ አለው» ብለውም ወጡ።

«አንተ ጅል! ከረሜላ መሰለህ?» አለች እትዬ። «ያ ጥርሰ ወላቃ ጓደኛህ ነው ያስለመደህ! ሊያስወግድህ ፈልጎ ነው። ዐይኑን ሳየው ገብቶኝ ነበር።»

ጥርጣሬዋ ቤት ለወጠ እንጂ አልሞተም።

ባል ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሚስት ውሃ አቀበለችው። ጠጣና ብርጭቆውን መለሰላት፤ ዐይኑ ግን እህቱ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ለአለቃዬ ደውዪልኝ እስቲ። የቀይዋ መኪና በር ሁለተኛውን ቀለም አልጠጣም፤ ሌላ ሰው እንዳያበላሽብኝ።»

ሚስት ብርጭቆውን ኮመዲኖው ላይ መለሰች። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ከብርጭቆው አጠገብ አኖረች፤ የታጠበ ፒጃማውን ከእግሩ ሥር አስተካከለች፤ ነጠላ ጫማውን እግሩ የሚያገኘው ቦታ አቀረበች።

እትዬ ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች፣ ለአለቃው ስለ በሩ እያስረዳች፣ ጉልበቷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መውጫው አሳለፈቻት።