ራጁ ንጹህ ነው

"ለመሆኑ ቤት ውስጥ ምን ትሸከሚያለሽ?" አላት ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

"እናቴን" አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ልብስ ተኳሽ መሆኗን፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ መዋሏን ነግራዋለች፤ እናትን ግን ማን ሸክም ብሎ ይቆጥራል? እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ ግቢው ውስጥ እስካለው መጸዳጃ ቤት አዝላ የምታወርዳቸው፣ አዝላ የምታወጣቸው እሷ ናት።

"ይኸውልሽ" ብሎ የኤምአርአይ ምስሏ ያለበትን ስክሪን አዞረላት። "ይሄ የዳሌሽ አጥንት ራስ ነው። ይሄ የነጣው መቅኔው ነው፤ አብጧል፣ ውሃ ቋጥሯል። ሸክም ሲደጋገምበት እንዲህ ይጀምራል። ራጅ አያሳየውም።"

"እና ምን ይሆናል?"

"ካሳረፍሽው ቀስ እያለ ይመለሳል። እምቢ ካልሽ አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ ይደረመሳል። ያኔ መገጣጠሚያውን መቀየር ነው። ክራንች ያዢ። እናትሽን ሌላ ሰው ይሸከማቸው።"

ሌላ ሰው! በሆዷ ሳቀች። ሌላ ሰውማ አለ። ወንድሟ የቤት ዕቃ ተሸካሚ ነው፤ የሰውን ፍሪጅና ቁም ሳጥን የትም ፎቅ ያወጣል። የገዛ እናቱን ግን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። እሳቸውም "ወንድ ልጄ መጸዳጃ ቤት ሊያደርሰኝ? ሞቼ ልገኝ!" ይላሉ። ሕመሙ ሲጀምራት ራጅ ተነስታ ነበር። "ራጁ ንጹህ ነው" ሲባል ወንድምየው "ስንፍና በራጅ አይታይም" አለ። ተሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ቤት ስትደርስ ክራንቹን ዘበኛው ጋ ልትደብቀው ቃጣት። ደረጃውን ቀና ብላ አየችው። ደከማት። ይዛው፣ እያረፈች ወጣች።

"ምሰሶዬ፣ መጣሽ?" አሉ እናቷ ከአልጋቸው ላይ። "ቶሎ አውርጂኝ፣ ሽንቴ መጥቷል።"

ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካው ወንድሟ ክራንቹን አየ። "ደግሞ ይሄ ምንድነው?"

"ራጁ ያላየው ነው።"

ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው።

"የዛሬን ብቻ፣ ልጄ" አሉ እናቷ ዓይናቸውን እያሸሹ።

አንጀቷን በሏት። ጀርባዋን ልትሰጣቸው ጎንበስ ስትል ዳሌዋ ውስጥ ስለት የገባ መሰላት። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

"አልችልም፣ እማዬ።"

ወንድምየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እናቱን አየ። ስልኩን አስቀመጠ። ከአልጋው ፊት ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን ሰጠ።

"ዓይንህን ጨፍን!" አሉት እናቱ አንገቱን እያነቁ።

"ደረጃ ልወርድ እኮ ነው! ልንፈጠፈጥ ነው?"

"ቀስ በል፣ ፍሪጅ አይደለሁም!"

"ፍሪጅ መች እንዲህ ይጨቀጭቃል!"

እየተጨቃጨቁ ወረዱ። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ግን እንደ ወትሮው ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ልታደርስላቸው አንስታው ወደ በሩ ሄደች። ደረጃው አፍ ላይ ቆመች።

ተመለሰችና መስኮቱን ከፍታ ቁልፉን ግቢው ውስጥ ወረወረችላቸው።