አንድም ያልሳተችው ምርመራ

አሰልጣኝ ይርጋነሽ ያስቀየመችው ሰው ለቁጥር ያዳግታል፤ አንዱንም ግን ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም። ቢቸና ውስጥ የምታሰለጥናትን ጸደንያን አይቶ ከንፈሩን የመጠጠ ሁሉ፣ "ለራስህ ምጠጥ፣ አንተ ቆመሃል፣ እሷ ትሮጣለች" ይባል ነበር።

ጸደንያ ዓይኗ ጥርት ያለ ነው፤ ላያት ሰው ምንም የጎደላት አትመስልም። ግን ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚታያት የለም። አራት ዓመት ሙሉ ከይርጋነሽ ጋር እጃቸውን በአንዲት አጭር ገመድ አያይዘው አብረው ሮጠዋል። ይርጋነሽ አንድ ሕግ ብቻ አውጥታላታለች፤ "አላይም" የምትል ቃል ከአፏ የወጣች ቀን ገመዱ ይበጠሳል። ልጅቱም ከአውቶብስ ስትወርድ እንኳ ደጋፊ አትፈልግም። ደረጃውን በእግሯ ዳብሳ ዘላ ነው የምትወርደው።

ለብሔራዊ ቡድን የሚመለመሉ አካል ጉዳተኛ ሯጮች ሞጣ ላይ ተጠርተው ነበር። በወሩ መጨረሻ ውጭ አገር የሚሄደው ምርመራውን ያለፈ ነው። ይርጋነሽም ምርመራው ለምን እንደሆነ ማስረዳቱን ትታ፣ ከውድድር በፊት እንደለመደችው "እንዳታሳፍሪኝ" ብላ አስገባቻት። አሰልጣኝ ውጭ ይቆይ ተብሎ እሷ በር ላይ ቀረች።

እጁ የጎደለውም ዓይኑ የጠፋውም የሚመረመረው በአንድ ሰልፍ ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ጣት ያላቸው የዓይን መመርመሪያ ምልክቶች ተሰቅለዋል፤ መርማሪዋ በተራ እየነካች ጣታቸው ወዴት እንደዞረ ትጠይቃለች። ከጸደንያ ፊት የነበረችው፣ አንድ እጇ የተቆረጠ የየጥኖራ ልጅ፣ ሁሉንም መለሰች። ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ። ጸደንያ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ያደገችው የተማሪ ዜማ እየሰማች ነው። አንዴ የሰማችው አይጠፋትም። ተራዋ ሲደርስ እስከ መጨረሻው አንበለበለችው። መርማሪዋም ቀና ብላ እንኳ ሳታያት ጻፈች፤ ታያለች።

ይርጋነሽ ወረቀቱ ሲነበብላት መጀመሪያ ተሳደበች፣ ቀጥላ አስረዳች፣ በመጨረሻ ጉልበት ስማ ለመነች። ልመና አታውቅበትም፤ አላማረባትም። መርማሪዋ ያየችው አስመሳይ ብዙ ነው።

"ቅድም አንድም አልሳተችም። አሁን ደግሜ ብጠይቃት ትስታለች። የቱን ልመን?"

ድጋሚ ምርመራ የዓመት ሰው ይበለን ነው።

አውቶብሱ ደብረ ወርቅን እንዳለፈ ጸደንያ ስንተኛ እንደወጣች ጠየቀች። ይርጋነሽ ማባበል አልፈጠረባትም።

"የሚያይ አይሄድም። ታያለች ተብለሽ ቀርተሻል።"

ልጅቱ ወደ ድምፁ ዞረች።

"እንዳታሳፍሪኝ አሉኝ እኮ፣ እትዬ።"

ይርጋነሽ ገመዷን በጣቷ ስትጠመዝዝ፣ ያቺን ሕግ ማን አውጪ አለኝ ስትል፣ ቢቸና ደረሱ። አውቶብሱ ቆመ። ሰው ወርዶ አለቀ። ጸደንያ ደረጃው አፍ ላይ ደርሳ ቆመች፤ እግሯን አልዘረጋችም።

"አላይም፣ እትዬ" አለች። "ይዘው ያውርዱኝ።"