የአራተኛው ትሪ ካፕሱሎች

አዲሱ ዱቄት ሥራ ላይ ከዋለ የመሙያ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሴቶቹም ይበተናሉ። ወሬው ሬዲዮ የምንለው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የሚነዛው ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሰውየው ያወራል እንጂ አይሰማም። ጠዋት ጓንት ሲያድለን ይናገረዋል፣ ምሳ ሰዓት ይደግመዋል፣ ስንወጣ በር ላይ ቆሞ ይሠልሰዋል። ማን ነገረህ ሲባል ሁሉም ያውቃል ይላል። ሁሉም ያወቀው ደግሞ ከእሱ ነው።

ፋብሪካችን ለድንጋይ ካባ የሚሆን ካፕሱል ይሠራል። ካፕሱል ማለት ትልቁን ፈንጂ የሚቀሰቅስ፣ ከጣት የማይወፍር፣ ዱቄት የተሞላ ቀፎ ነው። ዱቄቱ ውስጥ እርሳስ አለ፤ የምንጽፍበት ሳይሆን ደም ውስጥ ገብቶ ዓመታት የሚከርመው ማዕድን። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀፎ ሞልታለች። በመጨረሻው ምርመራ ሐኪሟ የደሟን ውጤት አይቶ፣ ልጅ ካሰብሽ ከእርሳስ ራቂ አላት። ማሰቡንማ ከሠርጓ ማግሥት ጀምሮ እያሰበች ነው። ግን ሌላ ሙያ የላትም፣ ባሏም ሥራ ፈት ነው፤ ከእርሳስ ራቂ ማለት ለእሷ ከነቤትሽ ጦም እደሪ ማለት ነው።

ስለዚህ ኬሚስቱ እርሳስ የሌለበት ዱቄት ይዞ ሲመጣ ከማንም በላይ የጓጓሁት እኔ ነበርኩ። የሙከራ ክፍሉ መዝጋቢ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ኬሚስትሪ ያስተማረኝ ቢሮ ሲጸዳ የተጣለ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነው። ኬሚስቱ የመጀመሪያ ቀን፣ አንቺ ቁጥሩን ብቻ ጻፊ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ ስሌቱን ሳርምለት ወንበር ሳበልኝ።

ለሙከራው ስድስት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ ትሪ፣ ሃያ ሃያ ካፕሱል በአዲሱ ዱቄት ሞሉ። ሦስት ሳምንት መጋዘን ከቆዩ በኋላ ከወፍራሙ ግንብ ጀርባ ተፈተኑ። የአምስቱ ትሪዎች ካፕሱሎች አንድም ሳይቀር ፈነዱ። ከአራተኛው ትሪ ግን ሰባቱ ዝም አሉ። መዝገቡን ገለጥኩ። አራተኛውን የሞላችው እትዬ ናት።

አለቃችን ለመፍረድ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ክፍሉ ይዘጋል የሚለውን ወሬ ሰምታ ሆን ብላ አበላሸችው አለ። ትባረራለች፣ ሙከራውም በዚሁ ያበቃል። ሬዲዮ በበኩሉ ብያችሁ ነበር እያለ ዞረ፤ ምን ብሎን እንደነበር እሱም አያውቅም።

እሷ ቤት ስንደርስ ምን አድርገሽ ነው ብዬ አፋጠጥኳት። እንደ ሁልጊዜው ነው የሠራሁት አለች። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ እንደ ሁልጊዜው ከሆነ ለምን ያንቺ ብቻ ከሸፈ አልኳት። ፊቷን አዞረች።

‹‹አንቺም እንደነሱ ነው የምታስቢኝ?›› አለችኝ።

ያቺ ቃል አሳፈረችኝ። በማግሥቱ ሄጄ ከመሙያ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ተቀመጥኩና ‹እንደ ሁልጊዜው› ምን እንደሚመስል ተመለከትኩ። ሴቶቹ ከመሙላታቸው በፊት እያንዳንዱን ቀፎ በእርጥብ ጨርቅ ውስጡን ይወለውላሉ። የእርሳስ ብናኝ እንዳይነሳ፣ አዲስ ሠራተኛ ስትገባ መጀመሪያ የምትማረው ነገር ይህ ነው። ከእርሳስ የጠበቃቸው ጨርቁ ነው። አሮጌው ዱቄት ትንሽ እርጥበት ይችላል፤ አዲሱ ግን እንደ ቀበጥ ልጅ ነው፣ ትንሽ ከረጠበ ያኮርፋል። ኬሚስቱ ሁልጊዜ መሙላት ከተጀመረ በኋላ ስለሚመጣ ጨርቁን አይቶት አያውቅም።

ስነግረው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። የሌሎቹስ ለምን ፈነዳ አለኝ። እሱን አላውቅም፣ የማውቀው ግን እንዴት እንደምናጣራው ነው አልኩት። እትዬ ሁለት ትሪ ትሙላ፤ አንዱን ልክ እንደዚያን ቀን ወልውላ፣ ሌላውን ቀፎዎቹ ከተወለወሉ በኋላ ማድረቂያ ሣጥን ውስጥ አድረው። አለቃችን በር ላይ ቆሞ ሰምቶን ኖሯል።

‹‹እህትሽ ስለሆነች ነው ይህን ሁሉ የምትደክሚው›› አለ።

‹‹እህቴ ስለሆነች ነው›› አልኩት። ‹‹ደግሞም ትክክል ስለሆንኩ ነው።››

ኬሚስቱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አለቃው ሦስት ሳምንት ሰጠን፤ ካልሆነ የስንብት ደብዳቤው ሁለት እንደሚሆን ጨመረበት።

ሦስቱን ሳምንት እትዬም እኔም በቅጡ አልበላንም። በፈተናው ቀን የመሙያ ክፍሉ ሴቶች በሙሉ ግንቡ ጥግ ተሰበሰቡ። ከእርጥቡ ትሪ ስምንቱ ከሸፉ። የደረቀው ተራ ሲደርስ እትዬ እጄን ይዛ በጣቶቼ ትቆጥር ጀመር፤ ጣቶቼ አልቀው እንደገና ከአውራ ጣቴ ስትጀምር ማንም አልሳቀም። ሃያውም ፈነዱ። አለቃችን ቀሪውን ቁርጥራጭ በዓይኑ ለቅሞ ለቅሞ፣ እንግዲህ ማድረቂያ ይጨመር አለና ሄደ። ይቅርታ አልጠየቀም። እኔም አልጠበቅኩም፤ ከበሬ ወተት አይጠበቅም።

የመሙያ ክፍሉ አልተዘጋም። ከመንፈቅ በኋላ የመጨረሻው የእርሳስ ዱቄት ሣጥን ወጥቶ ግድግዳው ተጠርጎ ቀለም ተቀባ። የእትዬ ደም ቀስ እያለ እየጠራ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ የበፊቱንና የአሁኑን የደም ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በዚሁ ከቀጠለ ለከርሞ አስቡበት አላት።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ክንዴን ያዘችና፣ ያኔ ለመጀመሪያው ሙከራ ስትሞላ ትሪው ላይ በተለጠፈው የመዝገብ ወረቀት የእኔን ስም እንዳየችው ነገረችኝ።

‹‹ሌሎቹ እያንዳንዱን ቀፎ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወለወሉት›› አለች። ‹‹እኔ ያንቺ ሥራ ነው፣ አላሳፍራትም ብዬ ሦስት ሦስቴ ወለወልኩት።››