በስሜ የተላከው መርዶ

ብሮውዘርን፣ ያን ኢንተርኔት መክፈቻ፣ እንደ መጽሐፍ ቆጥሬው ነበር፤ ሲያረጅ የሚከበር እንጂ የሚበሰብስ አልመሰለኝም። በሆጤ ሰፈር የእድራችን ጸሐፊ እንደመሆኔ፣ የአባላቱ የኢንተርኔት ዳታ በማደስ እንዳይባክን ብዬ አንድ አሮጌ ብሮውዘር ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ አዳረስኩ። «ይታደስ?» ብሎ ሲጠይቅም እምቢ እንዲሉት መከርኳቸው። ኮምቦልቻ በኮምፒውተር ጥገና የምትሠራው አባላችን ሀኒ ራሱን የሚያድስ ሌላ ብሮውዘር አሳይታኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አሮጌው ቀዳዳ አለው፤ ሌባ ይገባበታል።»

«ያንቺው ደግሞ ዳታ በላተኛ ነው» ብዬ አፌዝኩባት።

ባለፈው ማክሰኞ ሌባው በዚያው ቀዳዳ ስልኬ ውስጥ ገብቶ ለአባላቱ መልእክት የምልክበትን የእድሩን ገጽ ያዘ፤ በእኔም ስም «እትዬ ትርፌ አርፈዋል፤ የቀብሩን ሰዓት ለማየት ይህን ይጫኑ» ብሎ ለሁሉም ላከ። መርዶን ማን ይጠራጠራል? ሁሉም ተጫነው፤ ሌባውም በየስልካቸው ገባ። የእትዬ ትርፌ ወንድም አቶ አግማስ ከኮምቦልቻ ደረታቸውን እየደቁ መጥተው፣ በራቸው ላይ የቆሙትን እህታቸውን ሲያዩ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ውሃ ረጭተን አነቃናቸው።

«አንተ ጸሐፊ» አሉኝ እትዬ ትርፌ፣ «እኔን ከነነፍሴ ቀብረህ ወንድሜን ልትደርብ ነው? ድንኳኑንስ ምነው ረሳኸው?»

ሞትን ማጥመጃ ያደረገው ወራዳ ፊት የለውም፤ ቁጣዬ እሱን ፈልጎ ቢያጣ ወደ እኔ ተመለሰ። የአርባ ሦስት ቤት በር የከፈትኩለት እኔው በትዕቢቴ ነኝ።

በማግስቱ ቤት ለቤት ዞሬ ጥፋቴን ተናዘዝኩ፤ ከአርባ ሦስቱም ስልኮች አሮጌውን አጥፍቼ ሀኒ ያሳየችኝን ብሮውዘር ጫንኩ።