ለልጆቿ ቅዳሜን የሰጠች ከተማ

ያን ቅዳሜ ከልጄ ከሕሊና ጋር ከተማውን ስንዞር ውለን፣ ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ፣ እግራችን ዝሎ ወደምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ግቢ ተመለስን። ጠዋት ስንወጣ ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ የምትሮጥበትና አንዳች ነገር የምትማርበት ቦታ መፈለግ። መጀመሪያ የሄድንበት መናፈሻ ለሙሽሮች ፎቶግራፍ ተይዞ ኖሮ፣ ጥበቃው «ዛሬ ለሰርግ ነው፣ እመቤት» ብሎ ከበሩ መለሰን። ቀጥለን የደረስንበት ምግብ ቤት «የልጆች መዝናኛ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ዥዋዥዌው ግን ተበጥሶ በአንድ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፣ ከዥዋዥዌው አጠገብም ጠጪዎች ጠረጴዛ እየደበደቡ ይዘፍናሉ። ሥዕል ያስተምራሉ ተብሎ የተነገረኝን ቤት ብዙ ጠይቄ ባገኘው ፀጉር ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ታክሲ ውስጥ ሕሊና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ፣ «እማዬ፣ ልጆች የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

ግቢያችን ስንደርስ ደግሞ ሌላ ኀዘን ጠበቀኝ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የዘሃራ ልጅ ፉአድ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል ኳስ ሲያባርር ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል። የነዋሪዎች ኮሚቴ ከዚያ ወዲህ መክሮ ያገኘው መፍትሔ በደረጃው መግቢያ ላይ ተለጥፎ አየሁት፤ «በግቢው ውስጥ ልጆች መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ግቢያችን መካከል ለልቅሶና ለድግስ፣ ለነዋሪው የጋራ ጥቅም ተብሎ የተሠራ አዳራሽ አለን። እሱንም ለአንድ ነጋዴ የሲሚንቶ መጋዘን እንዲሆን ለማከራየት ታስቦ፣ በማግሥቱ እሑድ ስብሰባ ተጠርቷል።

ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ስለነበር የምናገርለት ሰው አልነበረኝም። ሕሊና ሶፋው ጥግ ኩርምት ብላ ስልኬን ከፈተች፤ ሰማያዊው ብርሃን ፊቷ ላይ ይንቀለቀል ጀመር። እኔም በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ባዶውን ግቢና በየመስኮቱ ብቅ ብለው የሚመለሱትን ትናንሽ ራሶች እያየሁ፣ ንዴቴና ድካሜ ተደባልቀው እንቅልፍ ጣለኝ።

በእንቅልፌ ውስጥ አንድ ሰው «ፍሬ!» ብሎ ጠራኝ። ፍሬሕይወት የተባለውን ስሜን እንዲያ አሳጥረው የሚጠሩኝ ያደግሁበት ሰፈር ሰዎች ብቻ ናቸው። ዘወር ብል ጋሽ ቢተው ቆመዋል። ጋሽ ቢተው በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ደጃቸው ሰብስበው ገበጣ፣ ተረትና የከዋክብትን ስም ያስተምሩን የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። ያው ቡናማ ካፖርታቸውን ለብሰዋል።

«ጋሽ ቢተው! እርስዎ አልሞቱም እንዴ?»

«ሞቻለሁ» አሉኝ፣ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው፤ «እሱ የዛሬ ጉዳያችን አይደለም። ተነሺ፣ የማሳይሽ አለኝ።»

ተከተልኋቸው። ሕንፃዎቿ ደመና የሚነኩ፣ መንገዶቿ እንደ መስተዋት የሚያበሩ ከተማ ገባን። ነገር ግን ድምፅ የላትም። ቀና ብዬ ባይ በየመስኮቱ አንዳንድ ልጅ ተቀምጧል፤ የሁሉም ፊት በሰማያዊ ብርሃን ተነክሮ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ሳለ የሚያዩት እኛን አልነበረም። በመንገዱ የሚሄዱት ጎልማሶች እንዲህ ሆነው ያደጉት ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ይቅርታ አይባባሉም፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ የመኪና ማቆሚያ ተናንቀው የሚገላግላቸው አልነበረም። በመንገዱ መካከል አንድ ኳስ ወድቋል፤ ሰው ሁሉ እንደ እንቅፋት ይዞረዋል። በአንድ ደጃፍ ፀጉሯ የሸበተ እናት የልጇን ክፍል ታንኳኳለች።

«ልጄ፣ ውጣና እስቲ እንጫወት!»

«ምን?» አለ ከውስጥ አንድ የጎረመሰ ድምፅ።

«እንጫወት፣ እናውጋ።»

«ስለ ምን?»

እናቲቱ እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቀረች። «ጋሽ ቢተው፣ ይህችን ከተማ እንዲህ ያደረጋት ማነው? ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» አልኋቸው።

«ጨካኝ አልነበረም» አሉ። «አንዱ ሜዳውን አጠረ፣ ሌላው አዳራሹን ዕቃ ሞላበት፣ ሌላው ልጁን ዝም ለማሰኘት ስልክ ሰጠው። ሁሉም 'ለጊዜው ነው' ይል ነበር። ለጊዜው ሲባል ትውልድ አለፈ።»

ከዚያ እጄን ይዘው አንዲት የእንጨት ድልድይ አሻገሩኝ። ድልድዩን ሳንጨርስ የልጆች ሁካታ ተቀበለን፤ እንዴት ያለ ሁካታ! ከድልድዩ ማዶ ያለችው ከተማ ሕንፃዎቿ እንደኛዎቹ ቀለማቸው የተላላጠ፣ መንገዶቿም እዚህም እዚያም የተቦረቦሩ ነበሩ፤ ከሰማይ የወረደች አይደለችም። ነገር ግን ቅዳሜ ስለሆነ የሰፈሩ መንገድ በገመድ ተዘግቶ መኪና አይገባበትም፤ በአስፋልቱ ላይ ሴቶች ልጆች ሰኞ ማክሰኞ አሥምረው ይዘላሉ፤ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ልጅ ወንበሩን እየነዳ በጠመኔ የቀጣዩን ጨዋታ መሥመር ያሠምራል። ወንዙ ዳር፣ ሽታው ሰው ያባርር በነበረበት ቦታ፣ ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው ምሳቸውን ይበላሉ፤ አንዲት አራስ ከዛፍ ጥላ ሥር ልጇን ታጠባለች፤ አጠገቧ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ከቧንቧው የሚፈስ ውኃ አለ። ከአንዱ አዳራሽ የክራር ድምፅ ይሰማል፤ ከሌላው ልጆች የአምፖል ሽቦ አገናኝተው ብርሃኑ ቦግ ሲል የሚያሰሙት ጩኸት ይወጣል። ሙዚየሙ በር ላይ አንዲት ወጣት አስጎብኚ ልጆቹን ወለል ላይ አስቀምጣ፣ «ይህን እንስራ የሠራችው ሴት ምን ልትቀዳበት ያሰበች ይመስላችኋል?» ስትል፣ ሁሉም እጁን አውጥቶ ይንጠራራል።

«ይህን ሁሉ የሚያስተምሩት እነማን ናቸው?» አልሁ።

«ወላጆቹ፣ አያቶቹ፣ ተማሪዎቹ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለው፤ አስተምር የሚለው ሰው አጥቶ ይዞት ይቀበራል እንጂ።»

«ሰዉስ እሺ ብሎ ተቀበለ?»

ጋሽ ቢተው ሳቁ። «ነይ እስቲ» ብለው ወደ አንድ አዳራሽ በር ወሰዱኝ።

በሩ ላይ ክራቫት ያሰረ አባት የልጁን እጅ ይዞ ይጎትታል። ልጅቱ ዋሽንት በሁለት እጇ ይዛለች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። አስተማሪቷ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት፣ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«እኔ የምለፋው ሐኪም እንድትሆንልኝ ነው» አለ አባትየው። «ፈተና እየደረሰ ዋሽንት ምን ይሠራላታል? እረኛ ላደርጋት ነው?»

«ትላንት ማታ ምን አጠናች?» አለች አስተማሪቷ።

«መጽሐፉ ላይ አንቀላፋች እንጂ ምን አጠናች!»

«ዛሬስ ሲጠሯት አልሰማ እስክትል ድረስ ምን ላይ እንደነበረች ያውቃሉ? አንዲት ዜማ ስታስቸግራት ስንት ጊዜ ደጋግማ ሞከረች መሰልዎ! ወንድሜ፣ መትጋትን እዚህ ከተማረች መጽሐፉም ላይ ትተጋለች። ባያምኑኝ ግቡና ቁጭ ብለው ይዩ።»

«ጊዜ የለኝም።»

«ቅዳሜ ነው» አለች አስተማሪቷ፣ ከበሩ ገለል እያለች።

አባትየው ቆመ። ሲያዩት የሚያፍር ይመስል ግራ ቀኙን ተመለከተና ክራቫቱን አላልቶ ገባ። ከልጆቹ ኋላ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ተቀመጠ። ልጅቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ መንፋት ጀመረች፤ ተሳሳተች፤ እንደገና ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ዜማው ሲሰካላት አባትየው ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ።

«አሁን ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ ጋሽ ቢተው። «ከዚህ በኋላ ባንክ ቤት ያሉትን ጓደኞቹን ሁሉ እየጎተተ የሚያመጣው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ግን በአንድ ቀን የተሠራ አድርገሽ እንዳትይዢው። መጀመሪያ አዳራሹ ሲከፈት የመጡት ልጆች ጥቂት ነበሩ። ክረምቱ ጣሪያውን አፈሰሰው። ክራር አስተማሪው ተቆጥቶ ቀረ። በስብሰባ ተሰዳድበው የተለያዩ ጎረቤቶች ነበሩ።»

«ታዲያ እንዴት አልፈረሰም?»

«በሚቀጥለውም ቅዳሜ በሩን የሚከፍት ሰው ስላልጠፋ።»

«ጋሽ ቢተው፣ እኔ እኮ ባለሥልጣን አይደለሁም፤ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ የማርም ሴት ነኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ?»

ጋሽ ቢተው እንደ ልጅነቴ ጊዜ ኮስተር አሉ። «እኔስ ምን ነበርሁ? የበቃሽ እስኪመስልሽ ድረስ አየሽ፤ አሁን ደግሞ ሂጂና ተናገሪ። አይቶ ዝም ያለ ካላየው ይብሳል።»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ነቃሁ። መስኮቱ ላይ የምሽቱ ቅላት ገና አልጠፋም። ሕሊና ስልኩን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። ልብስ ደረብሁላትና ፎቅ ወርጄ የዘሃራን በር አንኳኳሁ። ፉአድ እግሩ በጀሶ ታስሮ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኋት፤ ዘሃራ የምትልጠውን ድንች ጉልበቷ ላይ ይዛ ሰማችኝ።

«ፍሬሕይወት፣ ሕልም ነው ብለሽ ልትተዪው ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አይደለም። ነገ ልናገር ነው።»

«ብቻሽን ከተናገርሽ ይስቁብሻል» አለችና ድንቹን አስቀምጣ ነጠላዋን አነሣች። «ተነሺ፣ ከላይኛው ፎቅ እንጀምር።»

እስከ ራት ሰዓት በየደጁ ዞርን። አንዳንዱ በሩን ሳይከፍት መለሰን፤ አንዳንዱ አስገብቶ አጫወተን። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የሒሳብ መምህርት ግን ገና ሳልጨርስ፣ «እኔ ቼዝ አስተምራለሁ» አለች።

እሑድ ጠዋት ስብሰባው ላይ ሰብሳቢያችን አቶ ገላነህ የመጋዘኑን ነገር አንሥተው ሲጨርሱ ተነሣሁና ያየሁትን ተናገርሁ። ከኋላ የሳቁ አሉ። አቶ ገላነህም፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፈገግ ብለው፣ «ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ በሕልም ግቢ ይተዳደራል?» አሉ።

ዘሃራ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «የኔ ልጅ እግር የተሰበረው በእውን ነው» አለች። «ክልክል ነው ብላችሁ ለጥፋችኋል። ከልክላችሁ የት ሂዱ አላችኋቸው?»

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ፤ ረጅምና መራራ ክርክር ነበር፤ ተቆጥተው የወጡም ነበሩ። በመጨረሻ የመጋዘኑ ሐሳብ ቀረና አዳራሹ ለሙከራ፣ እስከ መስቀል ድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች እንዲከፈት ተፈቀደ። ግቢያችን አሁንም ያቺን ከተማ አልሆነም፤ ባለፈው ቅዳሜ የመጡት ልጆች አንድ ምንጣፍ እንኳ አልሞሉም፣ ጣሪያውም ያፈሳል። እኔ ግን በሚቀጥለውም ቅዳሜ እከፍተዋለሁ፤ የታዘዝሁትንም መናገር አልተውም። አንተም አንቺም የሌላ ግቢ፣ የሌላ ሰፈር ሰው ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የእናንተ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደታጨቀ ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩ።